ንጹሕ አድማጭ

አስረበብ መጀመሪያ ማጣሪያውን የወደቀችው ለቅሶ ደራሽ በመሆኗ ነው። ይህን የነገራት አጣሪ ጫማውን በራፉ ላይ አውልቆ፣ የቀረበለትን ውኃ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ምን ይሉኝ ብሎ የተጨነቀ አዲስ አማች እስኪመስል ድረስ በትሕትና ነበር የተቀመጠው። ኢዮስያስ ይባላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ለጋ ወጣት ነው። «ቅርብ» የተባለው ኩባንያ በኮምቦልቻ አዲስ አጋር እንዲያጣራ የመደበው እሱን ነው።

«እትዬ አስረበብ፣ ሰው ይሰማዎታል። እሱ ላይ ጥያቄ የለንም» አላት። «ከሕንፃው ሁሉ እንደ እርስዎ ቤት ሰው የሚገባበት የለም። ችግሩ፣ የሚመጡት ሁሉ ባለዕዳ ናቸው።»

«ኧረ ልጄ! እኔ ለማን አበድሬ አውቃለሁ?»

«ገንዘብ አይደለም። የታችኛዋ ጎረቤትዎ ባሏ ሲሞት ሄደው አብረዋት ሰነበቱ። እህትዎ ሲያርፉ ደግሞ እሷ መጥታ ሰነበተች። አራስ ጠይቀው ነበር፤ አራሷ ከወገቧ ቀና ስትል መጥታ ጠየቀችዎት። ስለሄዱ ይመጣሉ፣ ስለመጡ ይሄዳሉ። ተመላላሽ አድማጭ እንለዋለን። እንዲህ ያለው ሰው ቃልዎን አምኖ አይገዛም። ውለታውን ሊከፍል አንድ ጊዜ ይገዛና ይተዋል። ኩባንያው የሚፈልገው ምንም ሳይኖርበት የሚመጣ ሰው ነው።»

አስረበብ ምንም ሳይኖርበት ሰው ቤት የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ለማሰብ ሞከረች። ከሌባ በቀር የታያት አልነበረም።

በዚያ ዘመን ማስታወቂያ የሚባለው ነገር ከቀረ ቆይቷል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የሚያምን ጠፋ። ስክሪን ላይ የሚስቀውም ሰው ይሁን ሌላ የሚለይ ጠፋ። መጨረሻ ላይ የሚታመን ሆኖ የቀረው የጎረቤት አፍ ብቻ ነው። ፋብሪካውንም ቢሮውንም ማሽን ይዞታል። ለሰው የተረፈው ሥራ ማመስገን ሆነ፤ ሳሙናውን፣ ጫማውን፣ የሬሳ ሳጥኑን ሳይቀር ማመስገን። የጸደቀ አጋር ጧት ደረጃ ላይ ጎረቤቱን ሲያገኝ ጤንነቱን ጠይቆ፣ ልጆቹን ጠይቆ፣ ከዚያ ሌሊቱን ስለተኛበት ፍራሽ ሁለት ቃል ይላል። ጎረቤቱም ይሰማዋል፤ እሱም በተራው ስለ ዘይቱ ይናገራል። ማንም አይገረምም።

ያልጸደቀ ሰው ግን ምንም ነገር ማመስገን አይፈቀድለትም። አስረበብ ሽሮ ሠርታ ስታቀርብ «ሽሮ ነው» ትላለች፤ ከዚያ አታልፍም። ካለፈች ኩባንያው በራፉ ላይ የሰካው ጆሮ በለስላሳ የሴት ድምፅ «ያልተፈቀደ ምስጋና» ይላታል። እንግዳ ካለ ያሳፍራል። ስለዚህ ያልጸደቁ ሰዎች ቤት ጨዋታው ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ ሕመም ነው፤ ዝናብና ሕመም ገና ባለቤት አልተገኘላቸውም።

ባሏ ይመር እስከ ዓምና አጋር ነበር፣ ያውም ስመ ጥር። በወጣትነቱ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሰ ሰው በመሆኑ «ይሄ ጫማ የኤሊዳአር አሸዋ ላይ አልከዳኝም» ያለ እንደሆነ ሕንፃው በሙሉ ጫማ ይቀይር ነበር። በኋላ ሳምባው ከዳው። አሁን አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶለት የሚውል፣ አንድ ቃል ለማውጣት የሚያጣጥር ሰው ነው። የሚያስተነፍሰው መሣሪያ የኩባንያው ሲሆን የሚሰጠውም ለአጋር ቤተሰብ ብቻ ነው። ይመር ድምፁ ሲዘጋ አጋርነቱ ተሰረዘ። ዓመቱ ሳይለወጥ ከቤቱ ሌላ ሰው ካልጸደቀ መሣሪያው ተነቅሎ ይሄዳል። ልጅ የላቸውም። ያለችው አስረበብ ብቻ ናት።

«እንግዲህ ምን ላድርግ?» አለችው አጣሪውን።

«ክረምቱ እስኪያልቅ የትም አይሂዱ። ለቅሶም፣ ሰርግም፣ አራስ ጥየቃም ይቅር። ለምን እንደቀሩ ለማንም አይንገሩ፤ መንገር መለመን ነው። ዕዳው ሲረሳ ማን እንደሚመጣ እናያለን። አንድ ሰው እንኳ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ ይበቃናል።»

«ሰው ቢሞትስ?»

ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ። «ሰው ቢሞትም» አለ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አስረበብም እሺ አለች።

ሐምሌ ላይ የሰዓዳ እናት ሞቱ። ሰዓዳ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖር ጎረቤቷ ናት። ጎረቤት ማለትም ያንሳታል። ይመር ደረጃ ላይ የወደቀ ዕለት በብብቱ ይዛ ያስገባችው እሷ ናት፤ ቱቦውን ማጽዳት ከአስረበብ እኩል የምታውቀው እሷ ናት። ባሏ ትቷት ከሄደ ወዲህ በአፏ ብቻ ሁለት ልጆች አሳድጋለች። የልጆች ልብስና ዱቄት ነው የምታመሰግነው። ስታመሰግን ደግሞ ጨዋታዋ ስለሚጥም ሰው ዱቄት እያለው ዱቄት ይገዛል።

ድንኳኑ የተተከለው ግቢው ውስጥ፣ ከአስረበብ መስኮት ሥር ነው። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ይሰማታል። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ፣ የክርስቲያኖቹም ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ፣ እድሩ ወንበሩን ሲያወርድ፣ ሁሉንም ከመጋረጃው ኋላ ቆማ አየች። የሕንፃው ሰው አንድ ሳይቀር ወርዷል።

«ሂጂ» አላት ይመር ከአልጋው።

«ብሄድ አንተን ይወስዱብኛል።»

«ሂጂ...» አለና ትንፋሹ አልበቃው ብሎ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ።

አልሄደችም። ሬሳው ሲወጣ ሰዓዳ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። አስረበብ መጋረጃውን ለቃ ወደ ኋላ አለች። ያን ቀን ራሷን ጠላች። ወጥ ቤት ገብታ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች፤ የለቅሶ ድምፅ እንደ መድረስ ይቆጠርባት እንደሆነ አላወቀችምና።

ከዚያ ወዲያ ደረጃው ቀዘቀዘ። ሰው ሰላምታዋን ባንገቱ ይመልሳል፤ ስለ ፍራሹም ስለ ዘይቱም የሚነግራት የለም። እድሩ ቀጣት። አንዷ ሴትዮ እንድትሰማ ብላ «እኛም እንሞታለን እኮ፣ ማን ቀሪ አለ!» ብላ አለፈች። ጆሮው የሚመዘግበው ባዶ ቤትና የመሣሪያውን ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ማንም አይመጣም፣ ዓመቱ ይለወጣል፣ መሣሪያው ይሄዳል፤ እንዲህ እንዲህ እያለች ሌሊቱንም ቀኑንም ታሰላስላለች። አንድ ንጹሕ ሰው! ኮምቦልቻን የሚያህል ከተማ አንድ ሰው እንዴት ያጣል?

ነሐሴ ገባ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከምድር ቤት ያለችው ሴትዮ ናት፣ ያቺ በነገር የወጋቻት። በሳህን ንፍሮ ይዛለች። «እንዲያው አንቺን ማየት አሰኝቶኝ ነው» አለችና ተቀመጠች። ስለዚህም ስለዚያም ጥቂት ተጫውታ ሄደች። በማግስቱ ከሴትዮዋ ጎን ካለው ቤት ባልና ሚስት መጡ። «እንዲያው ማየት አሰኝቶን ነው» አሉ። በማግስቱ ደግሞ ቀጣዩ ቤት።

አስረበብ ደስታዋ ወሰን አጣ። ፀጉሯን መልሳ መሥራት ጀመረች። ይመር ትራሱ ላይ ቀና ብሎ መዋል ያዘ። ለመጣው ሁሉ ዓይኑን እያርገበገበ ይስቃል። ከረጅም ጊዜ በኋላ ቤታቸው ቤት መሰለ።

የሰዓዳ ተራ እስኪደርስ ድረስ ተራ መሆኑን አላወቀችም። ሰዓዳ በጥቁር ሻሿ እንዳለች ገባች። ይመርን ጉልበቱን ነካ አድርጋ፣ «እንዲያው ማየት አሰኝቶኝ ነው» ብላ የበራፉ ጆሮ እንዲሰማት ጮክ አለች። ከዚያ ቱቦውን የምታጸዳ መስላ ከመሣሪያው አጠገብ ተንበረከከችና አስረበብን ስባ አስጠጋቻት። ጉርምርምታው ሹክሹክታን ይሸፍናል።

«ያንን ጫማ አየሁት» አለቻት። «በራፍሽ ላይ የወለቀውን። የአክስቴን ልጅም ያጣራው እሱው ነው፤ ለቅሶ አትድረሺ ያላትም እሱው ነው። መስኮቱ ላይ ሳይሽ ገባኝ።»

አስረበብ የቱቦውን መጥረጊያ አቀበለቻት።

«የእማዬ ሶደቃ ላይ ለእድሩ ነገርኳቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? በቤት ተራ ቁጥር ተከፋፈልነው። አንድም ቀን ባዶ አትውይም። አብሽሪ!»

«እናትሽን አልቀበርኩልሽም፣ ሰዓዳ።»

«ዝም በይ። ይመር ይተንፍስ። እማዬ ብትሆንም ከአልጋው አትነሺ ነበር የምትልሽ፤ ወላሂ።»

አስረበብ አቅፋት አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ከተጠየቀች ያን ሰዓት ከሰርጓ ቀን አታሳንሰውም። ሰዓዳም፣ እድሩም፣ እሷም፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ቆም ብሎ ነገሩን አላሰበውም። የታመመ ሲኖር በተራ ማስታመም፣ ሐዘንተኛ ሲኖር በተራ ማብላት ነው የሚያውቁት። ለመርዳት ሲነሱ ሌላ መንገድ አልታያቸውም።

ጳጉሜ ላይ ኢዮስያስ መጣ። ጫማውን አወለቀ። ውኃውን በሁለት እጁ ተቀበለና ሳይጠጣው አስቀመጠው።

«እትዬ አስረበብ» አለ፣ «ሰዎቹ የሚመጡት በቤት ቁጥራቸው ተራ ነው።»

አስረበብ መቀመጫዋን ወደ ይመር አልጋ አስጠጋች።

«ከምድር ጀምሮ እስከ ላይ፣ አንድም ቤት ሳይዘለል። አንዱ ቤት ሰው አሞት የቀረ ቀን የሚቀጥለው ቤት ተተክቶለታል። ሁሉም የሚሉት ደግሞ አንድ ነው፤ እንዲያው ማየት አሰኝቶን። ይሄ የተቀናጀ አድማጭ ይባላል። ከተመላላሹ የባሰ ነው።»

«እኔ ኑ አላልኩም።»

«እናውቃለን። ጆሮው እርስዎን ነጻ ያወጣዎታል። የሆነ ሰው አቀናጅቶታል፤ ያንን ሰው ከነገሩን ነገሩ ይገለበጣል። ለኩባንያው የቆመ ሰው ይሆናሉ። ዛሬውኑ ይጸድቃሉ።»

«ሰውየውስ?»

«ቃሉ ይዘጋል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

ይመር ከአልጋው ላይ ራሱን ነቀነቀ። አስረበብ አላየሁም ብላ ፊቷን መለሰች።

«ባልናገርስ?»

ኢዮስያስ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ግቢው ውስጥ አንድ መኪና ቆሟል፤ ሁለት ሠራተኞች ኋላውን ከፍተው ማሰሪያ ገመድ እየፈቱ ነው። «የመጡት ለዚሁ ነው» አለ። «እኔ ባልላክ ሌላ ይላካል፣ እትዬ። እኔም እናት አለችኝ።»

«እናትህ ጎረቤት አላት?»

«ይኖራታል» አለ። «አታውቃቸውም።»

አስረበብ «እኔ ነኝ ያቀናጀሁት» ልትል አሰበች። እንዲያ ካለች መኪናው ይመርን ባዶ አስቀርቶት ይሄዳል። የሞተ ሰው ስም ልትሰጥ አሰበች። የምትጠላው ሰው ስም ልትሰጥም አሰበች፤ ደረጃው ላይ የወጋቻት ሴትዮ ትዝ አለቻት፣ ግን ንፍሮዋን ይዛ የመጣች እሷው ናት። ኢዮስያስ ሐሳቧን ያወቀ ይመስል፣ «የተሳሳተ ስም ከሆነ ድምፅዎ ይናገራል» አላት በጣም በዝግታ።

ይመር አፉን ከፈተ። «እንዳ...» አለ። ደረቱ ተነሣ፣ የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ታዩ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ሊለው የፈለገውን አስረበብ አሳምራ አውቃዋለች። አርባ ዓመት አብራው ኖራለች። አርባ ዓመት አብራው ስለኖረች ነው ያልሰማችው።

«ሰዓዳ» አለች።

«የአባት ስም?»

ያንን ባይጠይቃት ምናለበት! የአባት ስም ሲጠየቅ ሰውየው ሙሉ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ሻሹን አስሮ፣ ልጆቹን ይዞ።

«ሰዓዳ እንድሪስ።»

ኢዮስያስ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። መስኮቱ ላይ ሄዶ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሠራተኞቹም ገመዱን ጠቅልለው የመኪናውን ኋላ ዘጉ። ይመር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መሣሪያው ሥራውን ቀጠለ። የይመር ጀርባ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ በደንብ፣ ሳይቆራረጥ። አስረበብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያንን ጀርባ ስታይ ዋለች። በእጇ ልትነካው ፈልጋ አልደፈረችም።

በማግስቱ ጧት ሰዓዳ ሳታንኳኳ ገባች። ፊቷ በለቅሶ አብጧል፣ ግን ትስቃለች። እጆቿን ዘርግታ አስረበብን አንገቷን አቀፈቻት።

«ጸደቅሽ አሉ! እልል ልል ነበር፣ ሐዘን ላይ ሆኜ ነው እንጂ! አላልኩሽም? አላልኩሽም አብሽሪ?»

«ሰዓዳ...»

«የኔን ቃል ዘጉት። ሰማሽ? ትናንት ማታ። እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው እንዳልል፣ እድሩ ሁሉ ያውቃል። ከነዚያ አንዱ ነው። ማን እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ አላህም ይፍረደው። ልጆቹን ምን እንደማበላ ገና አላሰብኩም።» ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ተይው። ዛሬ ያንቺ ቀን ነው። ይመር ተርፏል፣ አላህ ይመስገን፤ ይሄ አይበቃም?»

ወደ አልጋው ሄደች። «ይመርዬ፣ እንዴት አደርክ?» ብላ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካከለችለት። ይመር ከግድግዳው አልዞረም። «ተኝቷል» አለች ሰዓዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በዚህ ጊዜ በራፉ ላይ ያለው ጆሮ ተናገረ። ድምፁ ያው ለስላሳ የሴት ድምፅ ነው፣ አሁን ግን ለአጋር የሚሆን አክብሮት ተጨምሮበታል። «ወይዘሮ አስረበብ፣ ንጹሕ አድማጭ ቤትዎ ገብቷል» አለ። «የመጀመሪያ ቃልዎን ይስጡ። የተመደበልዎት፣ ዱቄት።»

ቃሏ የተዘጋ ሰው ምስጋናን በምስጋና ሊመልስ አይችልም። ከእንግዲህ ሰዓዳ ለሕንፃው ሁሉ ሰሚ እንጂ ተናጋሪ አይደለችም፤ ከእሷ የጠራ አድማጭ በከተማው አይገኝም። ትናንት የእሷ የነበረው ዱቄት ዛሬ ለአስረበብ ተሰጥቷል። የመጀመሪያውን ቃል ያልሰጠ አጋር ምን እንደሚሆን የሕንፃው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሰዓዳም ታውቃለች። ለአፍታ ያህል ፊቷ ቀላ፤ ወዲያው ራሷን ሰብስባ አጠገቧ ያለውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ገጥማ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምርጥ አድማጭ እንደምትቀመጠው።

«በይ እንጂ» አለች። «ምን አፈዘዘሽ? ንገሪኝ፣ ልስማሽ። እኔስ ብሆን ዱቄት መግዛቴ ይቀራል? ልጆች አሉኝ።»

«ሰዓዳ፣ እኔ...»

«በይ። ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ማንን ላምን ነው? እድሩ ውስጥ አንድ ከሐዲ አለ። አንቺ ካልሽኝ ነው የማምነው።»

አስረበብ ወደ አልጋው አየች። ከፍ ዝቅ የሚለው ጀርባ ቆም ብሎ ነበር፣ የሚያዳምጥ ይመስል። ከዚያ መሣሪያው አየሩን ገፋለት።

«ጥሩ ዱቄት ነው» አለች አስረበብ። «ለልጆች ይስማማል።»

«እንግዲያው እሱን ነው የምገዛው» አለች ሰዓዳ፣ እጇን ያዝ አድርጋ።